ለወይዘሮዋ የሚሆን ዝንብ

ሰውየውን ደንበኞቹ «ሐኪሙ» ይሉታል። ሕክምና የሚባል ነገር በደጁም አላለፈ፤ የሚሸጠው የዓሣ ማጥመጃ ነው። ግን ወደ ሱቁ የገባ ሁሉ መጀመሪያ ይመረመራል። «ውሃው ምን ይመስላል? እስከ ጉልበትህ ስትገባ ጫማህ ይታይሃል ወይስ አይታይህም? ትናንት ዘንቧል? ፀሐዩ ከፊትህ ነው ከኋላህ?» ደንበኛው ሲመልስ ሐኪሙ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ያዳምጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ ከባንኮኒው ሥር ካሉት ጠፍጣፋ መሳቢያዎች አንዱን ስቦ በሁለት ጣቱ አንዲት ዝንብ ያነሳል። «ይቺን። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በፊት።» ቀልዷ የሱቁ እኩያ ናት፤ ደንበኞቹ ግን እስከ ዛሬ ይስቁለታል፣ እሱም እስከ ዛሬ ደስ ይለዋል።

ዝንብ ስንል እውነተኛዋን ዝንብ አይደለም። ከላባ፣ ከጸጉርና ከክር መንጠቆ ላይ የምትታሰር ማታለያ ናት። ትንንሾቹ ውሃ ላይ የሚያርፉ ነፍሳትን ይመስላሉ። ትልልቆቹ ግን፣ ስትሪመር የሚባሉት፣ የሚመስሉት ትንሽ ዓሣ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲጎተቱ ይዋኛሉ። ትልቅ ትራውት፣ የዚያ ወንዝ ዓሣ፣ ነፍሳት ስትለቅም አትውልም። አንድ ክንድ ከደረሰች በኋላ የምትፈልገው ሥጋ ነው፤ የእህቶቿን ልጆች ሳይቀር ትውጣለች። ስለዚህ ትልቅ ዓሣ የሚሻ ሰው ስትሪመር መምረጥ ግዴታው ነው፤ ስትሪመር መምረጥ ደግሞ በዚያ ከተማ ከሐኪሙ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። እሱም ይህንኑ ያውቅ ነበር። ክፉው ነገር እሱ ነው።

ሌላው የሚታወቅበት የጥርስ ነገር ነው። መንጠቆ ከጫፉ ወረድ ብሎ ወደ ኋላ የምትመለስ ትንሽ ሹል አለችው፤ አጥማጆቹ ጥርስ ይሏታል። ጥርስ ያለው መንጠቆ አንዴ ከገባ ሥጋ ሳይቀድ አይወጣም። የወንዙ አጥማጆች ማኅበር ደንብ ደግሞ የተያዘ ትራውት ሁሉ በሕይወቱ ይመለስ ስለሚል፣ ጥርሷ በፒንሳ ተጨፍልቃ መተኛት አለባት። ሐኪሙ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። ለአዲስ አባል ሁሉ ይሰብካል፤ ሰምቶ የጨረሰውን ሰው መልሶ ይሰብካል። እሱ ራሱ ዝንብ ሲሠራ መንጠቆውን መያዣው ሞርሳ ላይ እንዳሰረ፣ አንድ ዙር ክር ሳይጠመጥም በፊት፣ ጥርሷን ቀጭ ያደርጋታል። ሃያ ዓመት እንዲህ ነው የሠራው። ከሣጥኑ የሚያወጣት ዝንብ ሁሉ ጥርሷ የተሰበረ ስለሆነ ወንዝ ዳር ደርሶ መንጠቆ መዳሰስ የሚባል ልማድ እጁ ላይ የለም።

አሁን ወደ ወይዘሮዋ። ከአሮጌው ወፍጮ ቤት ድልድይ ሥር፣ ውሃው ግንቡን ቦርቡሮ በሠራው ጥልቅ ቦታ የምትኖር ትራውት ነበረች። «ወይዘሮዋ» ያሏት ከቦታዋ ስለማትነቃነቅና ለማንም ስለማትነሳ ነው። ሦስት ሰው መንጠቆ አስገብቶባት የሦስቱንም ክር በጥሳ ሄዳለች። ስለ እሷ ሲወራ ርዝመቷ በየዓመቱ ይጨምራል፤ ከሚወራው ግማሹ ተቀንሶ እንኳ የቀረው ለአንድ ወንዝ ይበዛል።

ከሁሉ ይልቅ የተሸነፈላት ልብስ ሰፊው ነበር። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለችው ክፍል ብቻውን ይኖራል፤ እጅጌው ላይ ምንጊዜም ሁለት ሦስት ቁራጭ ክር አይጠፋም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ድልድዩ ሥር ቆሟል። ሌሎቹ ስለ ሚዛንና ስለ ፎቶ ሲያወሩ እሱ፣ «እኔስ አንዴ መረብ ውስጥ ባየኋትና በሄደች» ይላል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር በመዳፉ ይዞ ወደ ሱቁ መጣ። ውስጥ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርና ቧንቧ ሠራተኛው፣ ሁለቱም የማኅበሩ አባላት፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ነበር።

«እስቲ ይቺን እያት፣» አለ ወረቀቱን እየፈታ። «ራሴ ነኝ ያሰርኳት።»

ስትሪመሯ ከመሃል ጣት ትረዝማለች። ገላዋ ከአሮጌ ካፖርት በተተረተረ ቡናማ ሱፍ የተጠቀለለ ነው፤ ጅራቷ ከአንድ የሴት ኮት አንገት ላይ የተቆረጠ ሰናፍጭ የመሰለ ጸጉር ነው፤ ጭንቅላቷ ላይ ወፍራም የቁልፍ መትከያ ክር ተደራርቦ አብጧል። ሐኪሙ አገላበጣት። ብቻውን ቢሆን ኖሮ ምናልባት ደህና ቃል ይወጣው ነበር። ሰው ሲያየው ግን ምላሱ ይረዝማል።

«ጋሼ፣» አለ፣ «ይቺ ዓሣ አታጠምድም። ድመት ታስበረግግ እንደሆነ እንጃ።»

ሁለቱ በሳቅ ፈረሱ። ልብስ ሰፊውም አብሯቸው ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀላ። «እኔማ» አለ፣ «ውሃው ሲደፈርስ ትሆናለች ብዬ ነው። ጭንቅላቷን ያወፈርኳት ውሃውን እንድትገፋ ነው። በዓይኗ ባታያት በጎኗ ትሰማታለች ብዬ።»

«ወይዘሮዋ እንዲህ ለብሶ የመጣ እንግዳ ደጇን አታስረግጥም፣ ጋሼ። እኔ ጋ ይተዉልኝ፣ ጭንቅላቷን አሳምርልዎታለሁ።»

«እሺ። አንተ ካልክማ።» ሽማግሌው ወረቀቱን ባዶውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። ሐኪሙም ዝንቢቱን በራሱ የማጥመጃ ሣጥን ጥግ ላይ ሰክቷት ረሳት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሱቁ በሚዘጋበት ሰኞ፣ ሐኪሙ ብቻውን ወደ ድልድዩ ወረደ። ሁለት ቀን ሙሉ ዘንቦ ውሃው ወተት የበዛበት ሻይ መስሏል። ጥቁሩን ሞከረ፤ ድፍርስ ውሃ ውስጥ ጥላው ጎልቶ የሚታይ ጥቁር ነው። ምንም። ወይራማውን ሞከረ፣ ከባዱን ሞከረ፣ ነጩን ሳይቀር ሞከረ። ምንም። ሣጥኑን ከፍቶ ቆዝሞ ሲያይ ያቺ ቡናማ ነገር ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ለምን እንዳወጣት እስከ ዛሬ ለራሱ አላጣራም። ልሳቅባት ብሎ ይሆናል። ደግሞም የሚያይ ሰው አልነበረም።

በሦስተኛው ውርወራ ዝንቢቱ ከግንቡ ፊት ለፊት ጠለቀች። ሁለት ጊዜ ሳብ አደረጋት። ክሩ ቆመ። ድንጋይ መስሎት ነበር፤ ድንጋዩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሃያ ደቂቃ ወንዙ ነው የሚያውቀው። ዘንጉ ጎበጠ፣ አንዴ እስከ ወገቡ ገባ፣ አንዴ ወደቀ። በመጨረሻ መረቡን ከሥሯ ሲያስገባ ጅራቷ ከመረቡ ውጪ ተረፈ። ሐኪሙ ብቻውን ጮክ ብሎ ሳቀ።

ሳቁ ረጅም አልነበረም። ጣቱን አፏ ውስጥ ከተተ። መንጠቆው ከምላሷ ሥር፣ ከምትተነፍስበት ስንጥቧ አጠገብ ነበር። እንደ ሁልጊዜው ትንሽ ጠምዘዝ አድርጎ ሳበው። አልመጣም። ደግሞ ሳበ። ደም መጣ። ያኔ ነው ክው ያለው፤ ይቺ ዝንብ በእሱ ሞርሳ አላለፈችም። ልብስ ሰፊው ጥርስ የሚሰብረው ወንዝ ዳር ሲደርስ ነው፣ ሊወረውር ሲል፣ እንደ አብዛኛው ሰው። ይህን ሐኪሙ በደንብ ያውቅ ነበር። ሃያ ዓመት የሰበከ ሰው ጣቱን አንዴ እንኳ መንጠቆው ላይ አላስኬደም።

በፒንሳ፣ በመቀስ፣ በጥፍሩ አወጣው። ከዚያ ጭንቅላቷን ወደ ወራጁ ውሃ አዙሮ በሁለት እጁ ደግፎ ያዛት። እንዲህ የተያዘች ዓሣ ትንፋሿ ሲመለስ ራሷ ተስፈንጥራ ትሄዳለች። ጣቶቹ እስኪደነዝዙ ያዛት። አፏን ሁለት ጊዜ ከፈተች። ከዚያ በቀስታ ሆዷን ወደ ላይ ገለበጠች። ሲለቃት ውሃው ወሰዳት።

ይህን የምነግራችሁ ሰውየውን ላሳጣ ብዬ አይደለም። ዓሣ ይሞታል፤ በጠንቃቃ እጅም ይሞታል። ሐኪሙ ግን ቀና ሲል መጀመሪያ ያየው ድልድዩን ነው፣ ሰው ቆሞ እንደሆነ። ማንም አልነበረም። እፎይ አለ። ያቺን እፎይታ በኋላ ባስታወሳት ቁጥር ፊቱን እሳት ይልሰዋል።

ሚስቱ ከሱቁ ቀጥሎ የሴቶች ጸጉር ቤት አላት። ያን ቀን ርሶ ሲገባ አይታ፣ «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የገረጣኸው?» አለችው።

«ውሃው ቀዝቅዞ ነው።»

«ውሃው መቼ ሞቆ ያውቃል?» ብላ ፎጣ ወረወረችለት።

በማግስቱ መናገር ይችል ነበር። የማኅበሩ ሰዎች ትንሽ ያጉረመርሙ ይሆናል እንጂ ይቅር ይሉታል። ግን ከተናገረ ሁለት ነገር መናገሩ ነው። አንደኛ፣ ጥርሷን እንዳላየ። ሁለተኛ፣ በማን ዝንብ እንደያዛት። ሁለተኛው ይብስበታል። ሰው ፊት ያዋረዳት፣ ድመት ታስበረግጋለች ብሎ ያሳቀባት ዝንብ ናት፤ ከእሱ ሃያ ስትሪመር ሁሉ ወይዘሮዋ የመረጠችው እሷን ነው። ይህን ለርዕሰ መምህሩና ለቧንቧ ሠራተኛው ከሚነግር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ይሻለው ነበር።

ዝም አለ። ዝምታ ደግሞ እንዲሁ አይቀመጥም፤ ሥራ ያመጣል። «ለወይዘሮዋ ዘንድሮ ምን ትለኛለህ?» እያለ የሚመጣው ደንበኛ አላቋረጠም። ሐኪሙም ዓይኑን በጨው አጥቦ ይጠይቃል፤ «ውሃው ምን ይመስላል?» ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፣ መሳቢያ ይስባል፣ ለሞተች ዓሣ ዝንብ ይመርጣል። ቀልዷን ሲናገር የገዛ ድምፁ ያስጠላዋል። ይባስ ብሎ ደግ ሆነ። አንዲት ለገዛ ሁለት ይጨምርለታል፤ በዚህም የተነሳ ሰዉ፣ «ሐኪሙን የመሰለ የት ይገኛል!» ማለት አበዛ።

አምስተኛው ሳምንት ላይ፣ ማክሰኞ ሱቁ ገና ሲከፈት፣ ልብስ ሰፊው መጣ። የሱቁን ደረጃ በእግሩ እየዳሰሰ ነው የወጣው። ሁለቱም ዓይኑ ላይ ሞራ ወጥቷል፤ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት ካቆመ ወር አልፎታል።

«ልጄ ልትወስደኝ ነው፣» አለ በርጩማው ላይ እየተቀመጠ። «እሁድ። እሷ ያለችበት ከተማ ወንዝ የሚባል ነገር የለም አሉ። ጥሩ ሆስፒታል ግን አለ። እንግዲህ አምስት ቀን ነው ያለኝ። አምስቱንም ድልድዩ ሥር ነው የማሳልፈው። በል ምረጥልኝ፤ የመጨረሻዬ ነች፣ አደራ።»

ሐኪሙ አሁን ልናገር፣ አሁን ልናገር ሲል አፉ፣ «ውሃው ምን ይመስላል?» አለ።

«እየጠራ ነው። ጫማዬ... እንጃ፣ ጫማዬማ አሁን የትም አይታየኝም።» ሽማግሌው ሳቀ። «ቧንቧ ሠራተኛው ግን ይታያል ብሎኛል።»

እንደዚያ ቀን ተጠንቅቆ መርጦ አያውቅም። ውሃው ከጠራ ትልቁ ስትሪመር ያስፈራል፤ አነስ ማለት አለበት። ብርሃን ካለ ቀለሙ ፈዘዝ ይበል፤ ሆዱ ነጣ፣ ጀርባው ወይራማ፣ እዚያ ወንዝ ውስጥ እንዳሉት ትንንሽ ዓሦች። ውሃው ቀዝቃዛ ስለሆነ ዓሣ አታሳድድም፤ ስለዚህ ዝንቢቱ ከበድ ብላ ወደ ታች ትውረድ፣ በቀስታ ትጎተት። ላባዋ ለስላሳ ይሁን፣ ቆማም ሕያው እንድትመስል። አምስት አውጥቶ ሦስቱን መለሰ፤ ከሁለቱ አንዷን መረጠ። መዳፉ ላይ አስቀምጦለት ጣቶቹን እያጠፈ አስጨበጠው።

«ያቺ ድመት ማስበርገጊያዬስ?» አለ ልብስ ሰፊው። «ከጨረስክልኝ ይዣት ልሂድ ብዬ።»

«አልጨረስኳትም፣ ጋሼ።»

«ግድ የለም። መሳቂያ ነበረች።»

ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ ሽማግሌው ማለዳ ወርዶ አመሻሹ ላይ በሱቁ በኩል ይመለሳል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። «ዝም አለች፣» ይላል። «ግን አለች። ይሰማኛል እኮ፣ እያየችኝ ነው።» ሐኪሙ ዕቃ የሚያስተካክል መስሎ ጀርባውን ይሰጠዋል።

ሐሙስ ማታ እራት ላይ ሚስቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አንተ ሰውዬ፣ ይህ ሽማግሌ በመጣ ቁጥር ከባንኮኒው ሥር የምትገባው ለምንድን ነው? ምን አድርገኸዋል?»

ነገራት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተክሎ ነገራት።

«ዓሣው ሞተ፣ እሱስ ይሁን፣» አለች። «እኔ እንደው ስለ ዓሣ ብዙም አይገባኝም። ግን ዓይኑ የጠፋ ሰው ባዶ ውሃ ላይ ሦስት ቀን አቁመህ እንዴት እህል ይወርድልሃል?»

«አይወርድልኝም።»

«ታዲያ ሂድና ንገረው!»

ዓርብን ደግሞ ፈርቶ አሳለፈው። ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ዘግቶ አብሮት ወረደ።

ወንዙ ጥርት ብሎ ነበር። ልብስ ሰፊው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ክሩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ዝንቢቱን ሊያስር ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስቱንም ሳተ። ሐኪሙ ተቀብሎ አሰረለት። ሽማግሌው እጁን ኪሱ ውስጥ ሰዶ ፒንሳ አወጣ።

«ጥርሷን ልስበር።»

«ተሰብሯል፣ ጋሼ። የኔ ናት።»

«አዎን፣ የአንተማ ሁልጊዜ የተሰበረ ነው። ልማድ ሆኖብኝ ነው።» ፒንሳውን መልሶ ተነሳ፤ ዘንጉን ወደ ኋላ አነሳ።

«ጋሼ፣ አይወርውሩ።»

«ምነው?»

«ወይዘሮዋ የለችም።»

«የት ሄደች?»

«ሞታለች። እኔ ነኝ የገደልኳት። አምስት ሳምንት ሆናት።»

ልብስ ሰፊው ዘንጉን በቀስታ አወረደ፤ ድንጋዩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። ሐኪሙ ለስድብ ተዘጋጅቷል፤ ስድብ ቢመጣለት ደስ ይለው ነበር። ሽማግሌው ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«በየትኛው?»

«በእርስዎዋ።»

«በኔዋ?»

«በቡናማዋ።»

የሽማግሌው ፊት ፈካ። ሐኪሙ ይህን ፈጽሞ አልጠበቀም። «አትለኝም! በስንተኛው ውርወራ?»

«በሦስተኛው።»

«በሦስተኛው!» ጉልበቱን መታ። «ውሃው ድፍርስ ነበር አይደል? አላልኩህም! እንዴት አድርጋ ወሰደቻት? ቦጭቃ ነው ወይስ ዝም ብላ?»

«ዝም ብላ። ድንጋይ ነበር የመሰለኝ።»

ሁሉንም አስነገረው። ወዴት እንደሮጠች፣ ስንት ጊዜ ከውሃው እንደወጣች፣ ጎኗ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ምን ያህል እንደሚሰፉ፣ ጅራቷ ከመረቡ ምን ያህል እንደተረፈ። ሽማግሌው የተሸፈኑ ዓይኖቹን ወደ ድልድዩ አዙሮ እያንዳንዱን ነገር ሁለት ጊዜ አስደገመው፤ በሰማ ቁጥር እንደ ልጅ ይስቃል። ሐኪሙ እየተረከ ውስጡ ይቃጠላል። ይህን ደስታ አምስት ሳምንት በኪሱ ይዞበት ነው የዞረው።

«ከዚያስ?» አለ ልብስ ሰፊው።

ሐኪሙ ከደረት ኪሱ በወረቀት የተጠቀለለችውን አውጥቶ መዳፉ ላይ አኖረለት። ሽማግሌው በዓይኑ አላያትም። አውራ ጣቱን ሱፉ ላይ፣ ጭንቅላቷ ላይ፣ ከዚያ መንጠቆው ላይ አስኬደ። ስንት ዘመን መርፌ የያዘ ጣት ነው። ጫፏ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ጥርሷ አለ፣» አለ።

ሐኪሙ አንገቱን ደፋ።

«ሳልሰብራት ነው የሰጠሁህ።» ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። «ወረቀት ጠቅልዬ ከነጥርሷ ሰጠሁህ። ወይ ጉድ! እኔ ነኛ ታዲያ የገደልኳት።» «አሥራ አንድ ዓመት ስከተላት ኖሬ እኔው ራሴ ልግደላት?»

ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ቀለለው። እውነቱን ለመናገር የተሰማው እሱ ነው፤ ቀለለው። ለአምስት ሳምንት ትከሻው ላይ የተቀመጠው ነገር ተነስቶ ወደ ሽማግሌው ትከሻ ሲሻገር አየ፣ ሲሻገርም ዝም ብሎ አየ። ሁለት ትንፋሽ፣ ሦስት ትንፋሽ ያህል ዝም አለ። በዕድሜው ካፈረባቸው ነገሮች ሁሉ የዚያን ዝምታ ያህል ያፈረበት የለም።

«አይደለም፣ ጋሼ፣» አለ መጨረሻ ላይ። «እርስዎ ሁልጊዜ ወንዝ ዳር ነው የሚሰብሩት። ቅድም እንኳ ፒንሳ አውጥተዋል። እኔ ነኝ ያላየሁት። አንዴ በጣቴ ብዳስሳት ይበቃ ነበር፤ አልዳሰስኳትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ተው፣ ተው ልጄ።»

«እውነቴን ነው!»

«አንተ?» አለ ሽማግሌው፣ እንባው በሽበታም ጉንጩ እየወረደ። «ሃያ ዓመት ስለ ጥርስ ስታደርቀን የኖርክ ሰው፣ መንጠቆ ሳታይ ልትወረውር? ማን ያምንሃል? ለኔ ብለህ ነው እንዲህ የምትለው።» በእጁ ፈልጎ የሐኪሙን ክንድ ያዘ። «ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ያልከው እንዳላዝን ነው። ይሄኔ ሌላ ሰው ቢሆን በከተማው ሙሉ ያስወራብኝ ነበር።»

«ጋሼ፣ ይስሙኝ እንጂ። ስለፈራሁ ነው ዝም ያልኩት። ስላፈርኩ ነው።»

«እሺ፣ እሺ። እንደዚያ ይሁን።» እንደሚያባብሉት ልጅ ክንዱን መታ መታ አደረገው። ሐኪሙ ሲመለሱ መንገድ ላይ ደግሞ ነገረው፤ ደረጃው ሥርም ነገረው። በነገረው ቁጥር የሽማግሌው ምስጋና ይጨምራል።

እሁድ ጠዋት ዳቦ ቤቱ በር ላይ የልጅየዋ መኪና ቆሟል። ሐኪሙ ሻንጣ ላግዝ ብሎ ሲደርስ ርዕሰ መምህሩና ቧንቧ ሠራተኛው ቀድመውታል። ሁለቱም ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። ልብስ ሰፊው የኮቱን ቁልፍ ሁሉ ቆልፎ፣ መሃላቸው ቆሞ ነበር።

«ነግሬያቸዋለሁ፣» አለ የሐኪሙን ድምፅ ሲሰማ። «ወይዘሮዋን ያስገደልኳት እኔ መሆኔን ነግሬያቸዋለሁ። ሳልናገር ብሄድ ይቆጨኝ ነበር።»

ቧንቧ ሠራተኛው ወደ ሐኪሙ ቀርቦ ትከሻውን ጨበጥ አደረገው። ርዕሰ መምህሩ፣ «ሰው ማለት እንዲህ ነው፣» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። ሐኪሙ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ሽማግሌው ቀና ብሎ መቆም አቅቶት የመኪናውን በር ይዟል፤ ከትናንት ወዲህ ብቻ አሥር ዓመት የጨመረ ይመስላል።

ልጅየዋ ሻንጣውን ጭና ስትጨርስ ዞራ መጣች። አርባ ዓመት የሚሆናት፣ የደከማት ሴት ናት። «አባባ ሌሊቱን ሙሉ ስለ እርስዎ ነው ያወራኝ፣» አለችው። «ጥፋቱን ሸፍነውለት፣ ጭራሽ በራስዎ ላይ ሊያደርጉት ሞክረዋል አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜ ይስጥልኝ።» እጁን በሁለት እጇ ይዛ ዝቅ ብላ አመሰገነችው።

አፉን ከፈተ። የመኪናው ሞተር ተነስቷል፤ ሁለቱ ሰዎች ያዩታል፤ ሽማግሌው በመስኮቱ በኩል ጆሮውን አዘንብሎ ይጠብቃል።

«ምንም አይደለም፣» አላት።